ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) እስከ ቢቸና፦ የስደት ልጆችን አማርኛ የሚያቆየው ማን ነው?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቋረጡ በንግዱ፣ በባንኩና በትምህርቱ ላይ ስላደረሰው ብዙ ተብሏል። እምብዛም ያልተነሣ አንድ ነገር ግን አለ። እናት አባታቸው ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ሄደው ቨርጂኒያ ወይም ስዊድን የወለዷቸው ልጆች እሑድ እሑድ በኢሞ እያዩ የሚያወሯቸውን አያቶቻቸውን በአንድ ጊዜ አጡ። ተራው ስልክ በሠራበት ቀን ወላጅ ደውሎ የቤተሰቡን ደኅንነት ይጠይቃል እንጂ ልጁን ለማገናኘት ጊዜውም ልቡም የለውም። ፊት የማይታይበት ስልክ ደግሞ ለአራት ዓመት ልጅ ጨዋታ አይሆነውም። ኢንተርኔቱ በየከተማው ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ እኔ በማውቃቸው ቤቶች ያሉ ልጆች አማርኛውን ይሰማሉ፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ሆኗል።

ውጭ አገር ልጅን በሁለት ቋንቋ ስለ ማሳደግ ሲነሣ ምክሩ ሁሉ የሚያርፈው ወላጅ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ተናገሩ፣ ቅዳሜ ፊደል አስተምሩ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱ ይባላል። ምክሩ አይከፋም። ልጁ ራሱ አማርኛን ለምን ይፈልገዋል የሚለው ጥያቄ ግን ተዘልሏል። ልጅ ቋንቋን አጥብቆ የሚይዘው ያለዚያ ቋንቋ የማያገኘው፣ የሚወደው ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ያለው እዚህ፣ ጎጃም ውስጥ ነው። ስለዚህ የልጆቹ አማርኛ የወላጆቻቸው ጣጣ ብቻ ሳይሆን የእኛም የቀሪዎቹ የቤት ሥራ ነው ባይ ነኝ።

የቋንቋ አጥኚው ጆሹዋ ፊሽማን አሜሪካ የገቡ ስደተኞችን ተመልክተው የገለጹት ሂደት የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በእናቱ ቋንቋ ይኖራል፤ ሁለተኛው ሁለቱንም ይናገራል፤ ሦስተኛው በሚኖርበት አገር ቋንቋ ብቻ ይቀራል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከኢትዮጵያ ከወጡት ብዙዎቹ የልጅ ልጅ አይተዋል። በዲቪ የሄደው የጎጃም ሰው ግን በአብዛኛው ገና ልጅ እያሳደገ ነው። ነገሩ የሚቆረጠው እንግዲህ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ባሉት ልጆች ላይ ነው።

ወላጅ ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ጥናት አለ። አኒክ ደ ሃወር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ይህ ጥናት በቤልጅየም፣ በፍላንደርስ፣ ቢያንስ አንድ ወላጅ ከአካባቢው ቋንቋ ከደች ሌላ ቋንቋ የሚናገርባቸውን 1,899 ቤተሰቦች የተመለከተ ነው። ሁለቱም ወላጆች ቤት ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ ብቻ በሚናገሩበት፣ ከ100 ቤተሰብ በ97ቱ ልጆቹ ያንን ቋንቋ ይናገራሉ። አንዱ ወላጅ በአንድ ቋንቋ፣ ሌላው በሌላ ቋንቋ ብቻ በሚያናግርበት ቤት ቁጥሩ ወደ 74 ይወርዳል። አንዱ ወላጅ ደች ብቻ፣ ሌላው ሁለቱንም እያቀላቀለ በሚናገርበት ደግሞ 36 ገደማ ብቻ ነው። በየመጽሔቱ እንደ ፍቱን መድኃኒት የሚመከረው «አንድ ወላጅ፣ አንድ ቋንቋ» የሚባለው ዘዴ እንግዲህ ከሁሉ የተሻለው አልነበረም። ይህ ለጎጃም ልጅ መልካም ዜና ነው፤ ብዙ ጊዜ እናትም አባትም አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ቤቱ የሚጀምረው ከተሻለው ጫፍ ነው።

ታዲያ ከዚያ ጫፍ የሚያወርደው ምንድን ነው? ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ኤልዛቤት ላንዛ ኖርዌይ ውስጥ እንግሊዝኛና ኖርዌይኛ የሚናገሩ ቤተሰቦችን ተከታትለው፣ ልጅ «በተሳሳተው» ቋንቋ ሲመልስ ወላጅ የሚያደርገውን በደረጃ አስቀምጠዋል። በአንደኛው ጫፍ ያልገባው መስሎ እንደገና የሚጠይቅ ወላጅ አለ፤ በሌላኛው ጫፍ እሱ ራሱ ቋንቋውን ቀይሮ ልጁን የሚከተል። ወደ መጀመሪያው የሚያደላው ወላጅ የልጁን ቋንቋ ያቆያል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚቸገረው። አሁን ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር በእንግሊዝኛ ግማሽ ሰዓት የተከራከረች እናት፣ ስልኳን ዘግታ ለልጇ «አልገባኝም፣ በአማርኛ ንገረኝ» ብትለው ልጁ ይስቅባታል። ሰምቷታላ! ሌሊት ሠርቶ የመጣ አባትም ማታ ማታ ይህን ተውኔት ለመሥራት አቅም የለውም። ቢቸና ያሉት አያት ግን አይተውኑም። እውነትም እንግሊዝኛ አይሰሙም። ልጁ የወለቀ ጥርሱን ሊያሳያቸው፣ ስለ ጓደኛው ሊያማ፣ ልደቱ መቼ እንደሆነ ሊነግራቸው ከፈለገ ያለው መንገድ አንድ ነው። አጥኚዎቹ ወላጅ ተቸግሮ እንዲፈጥረው የሚመክሩት ሁኔታ ለአያት የተፈጥሮ ነው።

የቅዳሜውን ትምህርት ቤት የምጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎጃም ቋንቋ በትምህርት ቤት ብቻ ሲኖር ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ የሚያውቅ አገር ነው። ግእዝ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ አንድ ሺሕ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሆኖም በዋሸራና በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ሥርዓት የቅኔ ተማሪው ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል። ቅኔ አይደገምም፤ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት። ግሱን በቃሉ ይዟል፣ ሰምና ወርቁን አጣጥሞ ያበጃል፤ ማንም ሊያሳፍረው በማይችል ግእዝ። ከጉባኤው ሲነሣ ግን ከባልንጀራው ጋር የሚጣላውም የሚታረቀውም በአማርኛ ነው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የቤቱ እመቤት በአማርኛ ትመልስለታለች፤ የዕለት ተዕለቱ ግእዝ እዚያ ላይ ያበቃል። ይህን ያህል ጠንካራ፣ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ትምህርት ቤት እንኳ ግእዝን የልጅ አፍ መፍቻ አድርጎ አልመለሰውም። ዓላማውም ያ አልነበረም።

በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ የፊደል ትምህርት ከዋሸራ የበለጠ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ቤታቸው፣ በጠቅላላው 231 ሆሄያትን ለቅሞ የጨረሰ፣ «ወንበር» የሚለውን በትክክል አንብቦ ወንበሩን ግን ማሳየት የማይችል ልጅ ዲያስፖራው ውስጥ ብርቅ አይደለም። እኛ አገር ዳዊት ደግሞ ምሥጢሩን ያልሰማ ሕፃን እንደምናውቀው ማለት ነው። ፊደል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው የምለው። የአማርኛ ፊደል እንደ ተጻፈ ስለሚነበብ፣ ቋንቋውን ለሚናገር ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱም ቢደርስ ይቀለዋል፤ ለማይናገር ልጅ ግን የድምፅ ድርደራ ሆኖ ይቀራል። በነገራችን ላይ የሐመሩ «ሐ» እና የሃሌታው «ሀ» ልዩነት ላይ አንድ ወር የሚያቃጥሉ የቅዳሜ መምህራን አሉ። ልጁ «ውሃ ስጪኝ» ማለት ከቻለ በኋላ ቢያቃጥሉት ግድ የለኝም።

ሁለት ቋንቋ ልጅን ያምታታል የሚለው ፍርሃት ዛሬም ድረስ በየቤቱ አለ። ልጁ አፉን ለመፍታት ሲዘገይ አንዳንድ ወላጅ ወዲያው አማርኛውን ይቆርጠዋል። ጉዳዩ ግን የቆየ መልስ አለው። ፒልና ላምበርት በ1962 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ውስጥ የአሥር ዓመት ልጆችን አወዳድረው ሁለት ቋንቋ የሚናገሩት በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ብልጫው ምን ያህል ነው በሚለው አጥኚዎች ቢከራከሩም፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ አልተመለሰም። ደግሞስ ሞንትሪያል ድረስ ምን አስኬደን? ዳንግላና እንጅባራ አሉልን። አዊ ውስጥ ልጅ ቤቱ አውኚ፣ ገበያ አማርኛ እየተናገረ ያድጋል፤ አውኚም በአንደኛ ደረጃ የትምህርት ቋንቋ ነው። እዚያ ልጄ ተምታታበት ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሮጥ ወላጅ አልሰማሁም።

ይህን ካነሣሁ አይቀር አማርኛ ተናጋሪው የማይወደውን ነገርም ልበል። ዛሬ እንግሊዝኛ በልጆቻችን አማርኛ ላይ የሚያደርገውን፣ አማርኛም ጎጃም ውስጥ በሌላው ላይ አድርጎታል። ጋፋት የሚባል ቋንቋ በዓባይ ዳርቻ ይነገር ነበር። የቋንቋ አጥኚው ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ፈልገው ያገኙት ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ የለም። ጋፋት እንዲህ ለመጥፋት አንድ አዋጅ አላስፈለገውም። ገበያው አማርኛ ሆነ፣ ጋብቻው አማርኛ ሆነ፣ እናት ለልጇ የሚጠቅመው ይህ ነው አለች። እያንዳንዷ እናት የወሰነችው ለቤቷ የሚበጀውን ነው፤ ተደምሮ ግን ቋንቋውን ጨረሰው። ቨርጂኒያ ያለችው እናትም ዛሬ የምታሰላው ይህንኑ ሒሳብ ነው።

አያትን ወደ ውጭ ማስመጣት ልማድ ነው። ግን ጊዜው አይገጥምም። እናት ስትወልድ አያት አራስ ለመጠየቅ ይጠራሉ፣ ገንፎው ይገነፋል፣ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ የሚፈቀደው ቆይታ ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ስለሆነ ልጁ «እማማ» ሳይል አገራቸው ይመለሳሉ። ለእናቲቱ ይህ እረፍት ነው፤ ለአማርኛው ግን እምብዛም አይተርፍም። ልጁ ሦስትና አራት ዓመት ሲሆነው፣ ምላሱ ሲፈታና ጥያቄው ሲበዛ ነው አያት የሚያስፈልጉት። ያኔ ግን ማንም አይጠራቸውም፤ ልጁ ዴይኬር ገብቷል፣ ቲኬት ውድ ነው፣ ምክንያቱም የለም። ለአንድ ጉዞ ብቻ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቢጠይቀኝ፣ አራስ ጥየቃውን ጎረቤት ይሸፍን፣ አያትን ለአራተኛው ዓመት አቆዩ እለዋለሁ። በአራስ ቤት እናቷን የምትሻ ልጅ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ ታላቁ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን እንግሊዝኛ ቤት ውስጥ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ታላቁ አማርኛ እየተናገረ ታናሹ የማይናገርባቸው ቤቶች ብዙዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚሻለው ልጁን ጎጃም ማምጣት ነው። የውጭ ትምህርት ቤት ዕረፍት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም የአጎት የአክስት ልጆችም ትምህርት ዘግተው ቤት ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ልጆች ተሰብስበው የሚውሉት በረንዳ ላይ ወይም ምድጃ ዙሪያ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ይመጣል። ጅራፍ መግመድ፣ በየደጁ እየዞሩ መጨፈር፣ አውራጁ ሲያወርድ መቀበል፣ ሙልሙል መካፈል፤ የቋንቋ መምህር አስቦ ቢነድፈው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይወጣውም። አንድ ዓይነት ቃል በዜማ ሃያ ጊዜ ይደገማል፤ የተሳሳተ ልጅም ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ተውጦ ይቀርለታል። ለአማርኛ ሦስት ሳምንት ቡሄ አካባቢ ከአንድ ዓመት ቅዳሜ ይበልጣል ብዬ እወራረዳለሁ።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ጉዞ በብዙ ቤተሰብ ቀርቷል። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ መግባት የሚያስፈራ ሆነ። አንዳንዱ አያትን አዲስ አበባ አስመጥቶ እዚያ ይገናኛል። ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአጎት ልጅ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ቴሌቪዥን ብቻ አለ። አያትና ልጅ ሁለት ሳምንት ተያይተው ይለያያሉ።

መጥቶም ቢሆን የሚጠብቀው ነገር ሁሉ መልካም አይደለም። ባሕር ዳር የግል ትምህርት ቤት የሚማሩት ያጎት ልጆች ሲጠብቁት የከረሙት እንግሊዝኛ የሚለማመዱበት ሰው ነው። እንግዳው በአማርኛ «ኳስ እንጫወት» ይላል፣ እነሱ በዩቲዩብ የለመዱትን እንግሊዝኛ ይመልሱለታል። እናታቸውም ትኮራለች። ቤተሰቡ ወጪ አውጥቶ ከቨርጂኒያ ያመጣው ልጅ እንግሊዝኛ አስተምሮ ይመለሳል!

ከዚህ የሚከፋው ሳቁ ነው። ጎጃም ተረበኛ አገር ነው፤ ቃል የሳተ ሰው በዋዛ አይታለፍም። ልጁ ጠበቅ አድርጎ ሊለው የሚገባውን አላልቶ፣ «ጠ»ን እንደ «ተ» ብሎ ሲናገር ቤቱ ሙሉ ይስቃል፤ «ፈረንጁ ምን አለ? እስቲ ድገመው» ይባላል። በፍቅር ነው የሚስቁት፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ፍቅሩን አይለይም። በማግስቱ ዝም ይላል፣ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። ሌላው አያትን «አንተ» ማለቱ ነው። ቤቱ ይደነግጣል፣ እናቱ ታፍራለች፣ «እርስዎ በል!» የሚለው ተግሣጽ ከየአቅጣጫው ይመጣል። እንግሊዝኛ ለታላቅም ለታናሽም አንድ መጠሪያ ያለው ቋንቋ ነውና ልጁ የናቀው ሰው የለም። የአንቱታው ግሥ ራሱን የቻለ እርባታ ነው፤ «መጣህ» ካለ በኋላ «መጡ» ማለት ለእሱ ሁለተኛ ትምህርት ነው። የእኔ አስተያየት ሽማግሌዎቹን ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ አንድ ሁለት ክረምት «አንተ» ይበላቸው። አፉ ሲፈታ አንቱታው ከሌሎቹ ልጆች ይጋባበታል። ተግሣጹን ፈርቶ ከአያቱ መሸሽ ከጀመረ ግን አንተም አንቱም አይኖርም።

የልጁን ወሬ የሚያሳጥረው ሌላው ነገር የእኛ የስልክ አነጋገር ነው። ኢንተርኔቱ በሠራበት ቦታ እንኳ የኢሞው ጥሪ አብዛኛው ሰላምታ ነው። «ደኅና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው? ጎብዝ፣ እናትህን አታስቸግር፣ እደግ!» ልጁ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ስልኩን ይመልሳል። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ቢደውል የሚያውቀው አማርኛ ከዚህ አያልፍም። የቆሎ ተማሪው የደጅ ላይ ግእዝ ዓይነት ነው። አያቶቻችን ግን ከሰላምታ ሌላ የሚያወሩት ሞልቷቸዋል። እንቆቅልሽ ለስልክ የተፈጠረ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱ አንድ ቃል ነው፣ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። አሌክሳንድሪያ የተወለደ ልጅ ጎጃምን ለአያቱ ሰጥቶ ሲሸነፍ ማየት ያስቃል፤ በሳምንቱም ሊያሸንፍ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ተረትም አለ፤ እዚያ ላይ ዶሮዋን፣ ጥጃዋን፣ እየጋገሩት ያለውን እንጀራ በካሜራ ማሳየት ይጨመርበት። ልጅ ባየው ነገር ላይ ያወራል፤ ስለ ጤንነት አያወራም።

መንግሥታት የሚያግዙበትም መንገድ አለ፤ ይጠቅማል፣ ግን ልኩን ማወቅ ነው። ስዊድን ውስጥ ቢያንስ አምስት ተማሪዎች ከጠየቁና መምህር ከተገኘ ማዘጋጃ ቤቱ የእናት ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል፤ ሥርዓቱ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አማርኛ መንግሥታዊ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ይህ አማርኛ ክብር እንዳለው ለልጁ ያሳየዋል። የጤና ጣቢያ ቅጽ በአማርኛ መታተሙ ግን ልጁን አያናግረውም።

ጥሪው መቼ ይሁን የሚለው ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ከጎጃም በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ልጁ ከትምህርት ቤት ከቀኑ 10 ሰዓት ሲመለስ ቢቸና እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ነው፤ አያት ተኝተዋል። እሑድ ጠዋት ደግሞ ልጁ ቅዳሴ ላይ ነው። ስቶክሆልም ላለው ልዩነቱ አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ መደወል ይችላል፤ አሜሪካ ላለው የሚቀረው ጠዋት ነው። 1 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቢቸና እንደ ወቅቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ ምሳ ተበልቶ፣ ቡና እየተፈላ። ከኋላ ወንበር ያለ ልጅ፣ ሃያ ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ አባትየው እየነዳ ጣልቃ ሳይገባ። የሚያስፈልገው ቢቸና በዚያ ሰዓት ኔትወርክ መኖሩ ነው።